ቲቸር ጥሩወርቅ ሲተኩሱ

የቲቸር ጥሩወርቅን ማረፍ የነገረኝ ደሴ ነው። ከዘንዘልማ ሰው ጭኖ ሲመጣ ባጃጁን ጌም ቤቴ በር ላይ አቆመና፣ ተሳፋሪዋን ከኋላ እንዳስቀመጠ፣ ሞተሩንም ሳያጠፋ፣ "ታደለ፣ ቲቸር አረፉ" አለኝ። ተሳፋሪዋ "ነፍስ ይማር፤ የት ነበር የሚያስተምሩት?" ብላ ጠየቀች። ደሴ ትንሽ አሰበና በአገጩ ጌም ቤቴን እያሳየ "እዚህ" አላት። ሴትዮዋ በሩ ላይ የተሳለውን መትረየስ የያዘ ወታደር አየች፤ ቀጥላ ደሴን አየች፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ደሴ አልዋሸም፤ ነገሩን ከጅራቱ ስለጀመረው ነው እንጂ። ቲቸር ጥሩወርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማለት ይቻላል የታይፕ አስተማሪ ነበሩ። ባሕር ዳር ውስጥ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ ኪቦርዱን ሳታይ የምትጽፍ ጸሐፊ ካጋጠመቻችሁ ጠይቋት፤ የእሳቸው ተማሪ ናት፤ ጣቷም ማስመሪያ ቀምሷል። እኔም የሚያስተምሩበት ኮሌጅ የታይፕ ትምህርትን ከመዝጋቱ በፊት ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዱ ነበርሁ። እጃችንን በነጠላ ሸፍነው ነበር የሚያስተምሩን። ነጠላውን ገልጦ ቁልፎቹን ለማየት የሞከረ ሰው ክፍሉ ውስጥ ልብሱን የጣለ ያህል ነበር የሚቆጠረው። "ጣት ቤት አለው" ይሉን ነበር፤ "ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ቤቱ ይመለሳል። ዐይናችሁ እሱን መከተል የለበትም፤ እናት አይደላችሁም።"

ጡረታ ከወጡ በኋላ አልፎ አልፎ ጠዋት በሐይቁ ዳር ሲሄዱ አያቸው ነበር። ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ ከፊታቸው ያለው ሁሉ ገለል እንዲል እየጠበቁ ነበር የሚሄዱት፤ ሰውም ገለል ይላል። ሰላም ስላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ትከሻዬን ነው፤ መጉበጤን ለማረጋገጥ።

የእኔ ቤት መጀመሪያ ኢንተርኔት ካፌ ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋ ካፌ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ማኪያቶ ማፍላት አልችልም። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ በገመድ የተያያዙ ስለነበሩ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ አንድ የቆየ የተኩስ ጌም ጫንሁባቸው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስክሪን ላይ ጠመንጃ ይዞ ይሮጣል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ጎረቤቱን ሲገድልና በጎረቤቱ ሲገደል ይውላል። የሞተው ትንሽ ቆይቶ ይነሣል። በዚያ ሰሞን በከተማችን የሞተ ሰው የሚነሣበት ቦታ የእኔ ቤት ብቻ ስለነበር ደንበኛ አላጣሁም። ዋናዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ይህ ደሴ ነው። ሌላው ኑረዲን፣ ገበያው አካባቢ ከአባቱ የተረከበው የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ሁለት ልጅ የወለደ፣ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ሱቁን ለሚስቱ ትቶ የሚመጣ ጎልማሳ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቲቸር ጥሩወርቅ ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። በቤቱ ውስጥ የነበረው ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም።

"ታደለ" አሉኝ፣ "ኪቦርድ ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

ቀኝ እጃቸውን አየሁት። ጃንጥላው ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው የሚብሰው አሉ። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ ጨርሶ አይድንም፣ ጣት ካልሠራ ግን ይፈጥናል ብሏቸዋል። ሹራብ ቢሠሩ ጥሩ እንደሆነም መክሯቸዋል።

"ሹራብ! ሠርቼ ማንን ላለብሰው ነው? ሐይቁን?" አሉኝ በንዴት። "ቤት ያለችው ታይፔ የቀለም ሪባኗ አልቋል። ከተማውን ሁሉ ዞርሁ፤ ሪባን ስላቸው የፀጉር ይሰጡኛል።"

አንዱን ኮምፒውተር ከፍቼ ባዶ ገጽ ሰጠኋቸው። ጣቶቻቸውን ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ፤ መንቀጥቀጡ እዚያው አቆመ። በዐይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ትንሽ ጻፉ፤ ከዚያ ተሰላቹ። የሚገለበጥ ደብዳቤ የለ፣ የሚያርሙት ተማሪ የለ። ወደ ጎናቸው ዞር ሲሉ ደሴን አዩት።

"አንተ ልጅ፣ ግራ እጅህ ምን ሆኖ ነው?"

ደሴ ደነገጠ። "ምንም አልሆነ፣ እማማ።"

"ታዲያ ለምን በሦስት ጣት ብቻ ትሠራለህ? ትንሿ ጣትህ ምን በድላህ ነው ተንጠልጥላ የቀረችው?"

ደሴ በዚህ ጌም ወደፊት፣ ወደኋላና ወደጎን ለመሄድ የተመደቡት ቁልፎች አራት ብቻ መሆናቸውን፣ ለእነሱም ሦስት ጣት እንደሚበቃ፣ ቀኝ እጁ ደግሞ ማውዝ ላይ መሆኑን አስረዳ። ቲቸር እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ይህን የመደበው ማነው?"

"ጌሙን የሠሩት ፈረንጆች ናቸው።"

"ታይፕ አልተማሩም" አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ቤቴ እንደ ሰው ጌም ቤት ይኖር ነበር። እኔ ግን አዋቂ ለመምሰል፣ "መቀየር ይቻላል እኮ፣ ቲቸር" አልኋቸው። ቁልፎቹን ሰው እንደፈለገው መመደብ እንደሚችል፣ ተጫዋቾች ይህን 'ባይንድ ማድረግ' እንደሚሉት ነገርኋቸው። ኮንሶሏንም አሳየኋቸው፤ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ከላይ የምትወርድ ጥቁር ሳጥን ናት፤ ለጌሙ ትእዛዝ የሚሰጠው እዚያ ውስጥ በመጻፍ ነው። አንድ ፊደል የተሳሳተ ትእዛዝ ሲጻፍባት 'አላውቀውም' ብላ ትመልሳለች።

ቲቸር ሆን ብለው አንድ ፊደል አሳስተው ጻፉ። 'አላውቀውም' አለች። አስተካክለው ጻፉ። ታዘዘች። ደግመው አሳሳቱ። ፊታቸው በርቶ ወደ እኔ ዞሩ።

"ታደለ፣ ሰው ሁሉ ዛሬ ስህተት ስታሳየው 'ያው ነው፣ ይገባል' ነው የሚልህ። ይቺ ግን ያው ነው አትልም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መጡ።

የእሳቸው አመዳደብ በታይፕ ሕግ የተሠራ ነበር። ግራ እጅ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ ላይ ይቀመጣል፤ እነሱ ለመራመድ። ቀኝ እጅ ተቃራኒው ላይ ይቀመጣል፤ እሱ ለመዞርና ቀና ጎንበስ ለማለት። መተኮስ የአውራ ጣት ሥራ ነው፤ ስፔስ ላይ። ማውዙን ነቅለው በጅራቱ ይዘው አስረከቡኝ፤ "ከኪቦርድ የተነሣ እጅ የጠፋ እጅ ነው" አሉ። ነገሩ በወረቀት ላይ ምንም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ጌሙ ውስጥ ነው። በቁልፍ የሚዞር ሰው ወደብ ላይ እንደሚዞረው የጎርጎራ ጀልባ ነው፤ ፊቱን እስኪያዞር ድረስ ከኋላው የመጣው ሰው ገድሎት፣ ጥይቱን ሞልቶ፣ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄዷል። ቲቸር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሞቱ መቁጠር ድፍረት ስለሚሆን አልቆጠርሁም። በሞቱ ቁጥር እጃቸውን ሳያነሡ፣ "ሞትሁ። ጣቴ ግን አልተሳሳተም" ይላሉ።

በሰነበቱ ቁጥር ኮንሶሏን እየተካኑ ሄዱ። መጀመሪያ የተጫዋቾቹ ስም አልጥም አላቸው። ደሴ 'ገዳዩ' ነበር የሚባለው፤ ለዚያውም በላቲን ፊደል አጣምሞ የጻፈው። "ሰው ሲገደል እንኳ በክብር ይገደል" ብለው የሁሉንም ስም ራሳቸው አስቀየሩ። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ጥግ ላይ 'አቶ ደሴ አቶ ኑረዲንን ገደለ' የሚል ይወጣ ጀመር። አዲስ ሰው ሲመጣ ጌም ቤት ይሁን የእድር ስብሰባ ግራ ይገባዋል።

ቀጥሎ የመጣው ይቅርታው ነው። ትልቅ ሰው በሰው ላይ ተኩሶ ዝም ማለት አይችልም አሉ። በአንድ ቁልፍ ላይ ሁለት ትእዛዝ መመደብ እንደሚቻል ሲሰሙ፣ ስፔስ ላይ ከተኩሱ ጋር ጽሑፍ ጨመሩበት፤ በተኮሱ ቁጥር በሁሉም ሰው ስክሪን ላይ 'ይቅርታ ልጄ' የሚል ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ ያለበት። በነጠላ ጥይት ሲሆን ምንም አይደል። አንድ ቀን ግን መትረየስ አንሥተው አውራ ጣታቸውን ስፔስ ላይ አሳረፉና ዘገዩ። የሁላችንም ስክሪን ከላይ እስከ ታች ይቅርታ ሆነ። በዚያ መሃል ኑረዲን ሞተ።

"ቲቸር፣ ይቅርታዎ ዐይኔን ጋረደኝ እኮ! ማን እንደገደለኝ እንኳ አላየሁም" ብሎ ጮኸ።

"እኔ ነኝ ልጄ። ይቅርታ ብዬህ የለም ወይ?"

ከሁሉ የሚገርመው ሌሎቹ እሳቸውን መከተላቸው ነው። ማንም እንደ እሳቸው ተጫውቶ አያሸንፍም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ከኋላ መጥተው ትከሻህን ሲያዩህ እምቢ ማለት አይቻልም። ደሴ በቲቸር አመዳደብ መጫወት ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ ሲሸነፍ ከረመ። ወገቡ ግን ተቃና፤ ባጃጁን ሲነዳ እንኳ የጠቅላይ መምሪያ ሹፌር ይመስል ነበር። እኔም በገዛ ቤቴ ጎብጬ መቀመጥ ተውሁ።

ኑረዲን ግን ሽንፈት መሮት ነበር መሰል፣ አንድ ቀን ዋናው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ። ዋናው የምንለው ጌሙ የሚከፈትበትን ነው፤ ጌሙን የሚያዝ ትእዛዝ የሚሠራው ከእሱ ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው። ከእነዚያ ትእዛዞች አንዱ ማታለልን ይፈቅዳል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ደግሞ የጻፈውን ሰው የማይሞት ያደርገዋል፤ ፈረንጆቹ በድፍረት የፈጣሪን ስም ነው ያወጡለት። ኑረዲን ያላወቀው ነገር የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲሰጥ ማታለል መፈቀዱን የሚናገር መስመር በሁሉም ሰው ስክሪን ላይ እንደሚወጣ ነው።

ቲቸር ጨዋታውን አስቆሙ። ኑረዲንን ከወንበሩ አስነሡት።

"ምን ጻፍህ?"

"ቀልዴን ነው፣ ቲቸር።"

"ቀልድህን ጻፍና አሳየኝ። ልከለክለው ከሆነ ላውቀው ይገባል።"

ኑረዲን በሁለት ጣት እየለቀመ ጻፈ፤ ተሳሳተ፤ ደገመ፤ ተሳሳተ። ቲቸር በሐዘን አዩት። "ለማጭበርበር እንኳ ታይፕ መማር ነበረብህ" አሉት። ከዚያ ስለ እምነት፣ ስለ ሰው ሐቅና ስለ ፈጣሪ ስም እዚያው ቆሞ እንዲሰማ አደረጉት። በመጨረሻም ወንበሩን ጎተቱና፣ "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የምቀመጠው እኔ ነኝ" አሉ። በዚህ ማንም ቅር አላለውም። በቤቴ ውስጥ ከእሳቸው የበለጠ የሚታመን ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

ዮናስ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ልጃቸው ነው፤ አዲስ አበባ የሚሠራ መሐንዲስ። ስለ እናቱ እጅ ያውቅ ነበር፤ ከዚያ በፊት የፈላ ውሃ እግራቸው ላይ መድፋታቸውንም ሰምቷል። እሱን ሁሉ ችሎ ሳለ አንዲት ጎረቤት ደውላ፣ "እናትህ ጌም ቤት ነው የምትውል፤ ከወጠጤ ጋር ስትታኮስ" አለችው። ያን ጊዜ እጇ ብቻ አይደለም፣ አእምሮዋም እየሄደ ነው ብሎ በአውሮፕላን መጣ። ዮናስ ተማሪ ሳለ ቲቸር ከየጌም ቤቱ ጆሮውን ይዘው ሲያወጡት ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሳል። አሁን ተራው የእሱ ሆኖ በሩ ላይ ቆመ።

"እማዬ፣ ምንድን ነው የምትሠሪው?"

ቲቸር ዐይናቸውን ከስክሪኑ አላነሡም። "ቆይ፣ ልሞት ነው። ስሞት እመጣለሁ።"

ብዙም አላስጠበቁትም። ሲዞሩ ልጃቸው ፊት ላይ ያለውን አዩና ቀኝ እጃቸውን በግራው ሸፈኑ።

"ዕቃሽን አዘጋጂ፣ እማዬ። ሰኞ አብረን እንሄዳለን" አለ፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁላችንም ሰማን።

"የት?"

"እኔ ቤት። እጅሽ እንዲህ እየሆነ ብቻሽን መኖር አትችይም። ስቶቭ ትለኩሻለሽ፣ ውሃ ታፈያለሽ፤ ባለፈው እግርሽን፣ ነገ ደግሞ ቤቱን ነው የምታቃጥይው።"

"እዚያ ሄጄ ምን ልሆን? ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሊፍቱ ሲወጣ ሲወርድ ልሰማ? አባትህን የቀበርሁት እዚህ ነው። ጠዋት ወጥቼ ሐይቁን ካላየሁ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም።"

"በጤናሽ ነው እንዴ ጌም ቤት የምትውይው?"

ደሴ የተዘጋ ስክሪን ላይ አፍጥጧል፤ ኑረዲን የሌለ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይፈልጋል። ቲቸር ሲናገሩ በክፍል ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ነበር።

"ዮኒ፣ ከቤቴ አታውጣኝ።"

ልጁ መሬት መሬት አየ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። እናቱ ብቻዋን ወድቃ እንዳትገኝ የሚፈራ ልጅ ላይ እንዴት ይፈረዳል? እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ፈረድሁበት።

ቲቸር ወገባቸውን አቃኑ። ወደ ድሮው ድምፃቸው ተመለሱና፣ "ተቀመጥ" አሉት። "እጄ ይሠራ እንደሆነ እንየው። ቀድሞ አሥር ጊዜ የገደለ ያሸንፋል። ካሸነፍሁህ ቤቴ እቀራለሁ። ካሸነፍኸኝ ሻንጣዬን ራሴ እሸክማለሁ።"

ዮናስ ሊሥቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለ በዚህ ጌም የሚያህለው እንዳልነበር በኋላ ሰምተናል። ነገር ግን ሰው ፊት ከእናቱ ጋር ከሚጨቃጨቅ ይህ ሳይሻለው አልቀረም፤ ጃኬቱን አወለቀና አጠገባቸው ካለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ።

ማየት ያስጠላ ነበር። ቲቸር ፊታቸውን እያዞሩ ሳሉ ሞቱ። ተነሡ፤ እየዞሩ ሳሉ ሞቱ። ዮናስ ቶሎ ሊገላግላቸው የፈለገ ይመስል ነበር የሚጫወተው። ግማሹን ሲጨርስ ቲቸር አንድም አልገደሉም። ኑረዲን ጆሮዬ ላይ፣ "መብራቱን አጥፋው፤ ጠፋ እንበላቸው" አለኝ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ወደ ቆጣሪው አንድ እርምጃ ሁሉ ሄጃለሁ።

"ቆይ" አሉ ቲቸር። "አንድ ቁልፍ ላስተካክል።"

ዮናስ እጁን አነሣና ወደ እሳቸው ዘወር ብሎ ጠበቃቸው። ኮንሶሏ ስትወርድ ከኋላ አየኋት። ጣቶቻቸው ሄዱ፣ ሠሩ፣ ቤታቸው ተመለሱ። ድምፁ አንድ ወጥ ነበር፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ከዚያ ያቺ ማታለል ተፈቅዷል የምትለው መስመር በቤቱ ውስጥ ባለው ስክሪን ሁሉ ላይ ወጣች።

ኑረዲን አንብቦ አፉን ከፈተ። እግሩን ረገጥሁት። ደሴ አየኝ፤ አየሁት። ከሰው ሐቅ ጀምረው የፈጣሪን ስም እስከ መጥራት ድረስ ያስተማሩን ሴትዮ ናቸው። ማን ምን ይበል? በይሉኝታ አንደበታችን ተቆልፎ ግድግዳ ስናይ ቆየን።

ከዚያ በኋላ ዮናስ ተኮሰ፤ ቲቸር አልሞቱም። ደግሞ ተኮሰ፤ አልሞቱም። በጥይቱ መሃል ቆመው እንደ ጀልባቸው ቀስ ብለው ዞሩና ስፔስን ተጫኑ። ይቅርታ ልጄ። ይቅርታ ልጄ። ይቅርታ ልጄ። ዮናስ ወደቀ። ሲነሣም ያው ሆነ። አንዴ እንኳ "ይህ ነገር ምንድን ነው?" አላለም። አሥር ሲሞላ ከወንበሩ ተነሥቶ እናቱን ግንባራቸው ላይ ሳማቸው።

"እሺ፣ እማዬ። አሸነፍሽኝ።"

ሰኞ ብቻውን ሄደ። ያቺው የደወለችው ጎረቤት ጠዋትና ማታ ብቅ እያለች እንድታያቸው ለምኗት ነው የሄደው፤ ሥራውን ከዚያ በፊትም በነጻ ትሠራው ስለነበር አልከበዳትም።

እኛ ተደስተን ነበር። ደሴ ቲቸርን ፋሲሎ ሰፈር እስካለው ቤታቸው ድረስ ጥሩምባ እየነፋ፣ ሙሽራ እንደያዘ ሰው አደረሳቸው። እሳቸው ግን "እንኳን ደስ አለዎት" ስላቸው፣ "ለምኑ?" ብለው ነው የመለሱልኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ዋናውን ኮምፒውተር አልፈው በሩ አጠገብ ካለው ላይ ተቀመጡ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ "እዚያ ብርሃኑ ዐይኔን ይወጋኛል" አሉኝ። መስኮቱ ያለው በሩ በኩል ነው። ስፔስ ላይ ያለውን ይቅርታ ራሳቸው አነሡት። ኑረዲን "ምነው ቲቸር፣ ይቅርታው ናፈቀን እኮ" ቢላቸው፣ "በየጥይቱ የሚወጣ ይቅርታ ለቁም ነገር ሲፈለግ አይገኝም" አሉና ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን ያሸነፉትን አንሥቶ የሚያወራ ሲመጣ ወሬ ይለውጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ገደማ ከእኛ ጋር ሞቱ፣ ተነሡ። ስቶቩም አላቃጠላቸው፣ ቤቱም አልነደደ። በመጨረሻ የሳንባ ምች ቢጤ ያዛቸውና፣ ሳይከርሙበት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ።

ለቅሶ ቤት ዮናስ አጠገቡ እንድቀመጥ ጠራኝ። ድንኳኑ ውስጥ ወገቧ ቀጥ ያለ ሴት ሞልቷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

"ታደለ፣ ያን ቀን እናንተም አይታችኋል፣ አይደል?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ተወው እንጂ። እኔም ስክሪን ላይ እኮ ወጥቷል።"

እሱ ቀጠለ።

"እኔ ግን ቀድሞም ስክሪኑን አልነበረም የማየው፤ እጇን ነው። ያቺ ትእዛዝ መሃሏ ላይ ሰረዝ አለች፣ ከመስመሩ በታች የምትውል። በግራ ትንሿ ጣት ሺፍቱን ይዘህ፣ በቀኝ ትንሿ ጣት እላይ ድረስ ሄደህ ነው የምትመታት። ልጅ ሆኜ ታይፕ ስታስተምረኝ በዚያች ጣት አልቅሻለሁ። እናቴ በምትንቀጠቀጠዋ እጇ፣ ወደ ታች ሳታይ፣ አንድ ፊደል ሳትስት ጻፈችው። ይህን የሚሠራ እጅ ክብሪት መጫር ያቅተዋል? እዚያው ወሰንሁ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ለእኔ አልቋል፤ ብትሸነፍም አልወስዳትም ነበር።"

"ነግረሃቸዋል?"

"ምን ብዬ? ስታጭበረብሪ አይቼሻለሁ ብዬ? እናቴን እንዴት ላሳፍራት?"

ዝም ብዬ ብተወው ይሻል ነበር ይሆናል። ግን ጠየቀኝ፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ነበረች፣ ደስ ብሏት ነበር ወይ አለኝ። ውሸት አልመጣልኝም። ቦታ መቀየራቸውን፣ ብርሃኑን ሰበብ ማድረጋቸውን፣ ይቅርታውን ማንሣታቸውን፣ ያን ቀን ሲነሣ ወሬ መለወጣቸውን ነገርሁት።

ዮናስ ጋቢውን ወደ አፉ ሰብስቦ አዳመጠኝ።

"በገዛ ቤቷ" አለ በመጨረሻ፣ "ሰርቃ የገባች እየመሰላት ነው እንዴ የኖረችው?"

ከቢሮ የመጡ ሰዎች ሊያጽናኑት ሲገቡ ለመነሣት ሞከረ። ክንዱን ይዤ አነሣሁት።

"አንድ ቃል ብነግራት ይበቃ ነበር እኮ፣ ታደለ" አለኝ፤ ከዚያ እዚያው ሰው ፊት አለቀሰ።